ኢንጂነሩ የመረጠው ባትሪ

ታላቅ ወንድሜን "ኢንጂነሩ" የምንለው ተምሮ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጊዜ የተበላሸ ካውያ ፈታቶ ስለገጠመ ነው። ካውያው ዛሬም አይሠራም።

እማዬ ሳንባዋን ታማ ሐኪሙ የኦክስጅን ማሽን ሲያዝላት፣ መብራቱ ደግሞ ባሰኘው ሰዓት ድርግም ሲል፣ ማሽኑ እንዳይቆም ሶላር ልንገዛ ወሰንን፤ ምርጫው ለማን ይሰጥ? ለኢንጂነሩ ነዋ። ማሽኑ ከቆመ ትንፋሽ ያጥራታልና ፍጠን አልኩት። ጌታው መች ይቸኩላል! ወር ሙሉ ስልኩ ላይ ተተክሎ ቪዲዮ ሲያይ ከረመ። የአሲድ ባትሪ ቶሎ ይሞታል፣ ሊቲየም ይሻላል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተርም ማሽኑ ሲነሳ የሚስበውን ኃይል መቻል አለበት እያለ ሲያብራራልን እራታችን ይቀዘቅዛል። ደግሞ ምርጫው ትክክል ነበር። ይበልጥ ያበገነኝም ይኸው ነው።

በተገጠመ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል፤ የእኛ ሳሎን ግን ቦግ ብሏል። ኢንጂነሩ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ የኢንቨርተሩን ቁጥር ያስነብባቸዋል። ቴሌቪዥኑም ለማስረጃ ይጮኻል። እውነት ለመናገር እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ለእማዬ ላካፍላት ወደ ክፍሏ ገባሁ።

ክፍሏ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በስልኬ ባበራ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

ሮጬ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ከእንግዶቹ ፊት ነቀልኩና በማራዘሚያ ገመድ ማሽኑን አስነሳሁ። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አድርጌ እጇን ያዝኩ። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ።

ኢንጂነሩ ተከትሎኝ መጣ። ለካ ኤሌክትሪሻኑ የትኞቹን ክፍሎች ከሶላሩ ጋር ላገናኝ ብሎ ጠይቆት ኖሯል። ሊቁ ወንድሜ ሳሎኑን ለቴሌቪዥኑ፣ ኩሽናውን ለፍሪጁ፣ የራሱን መኝታ ቤት ለስልኩ መርጧል። ሶላሩ የተገዛላት ሴትዮ ተረስታለች።

ጥፋቱን የሚያላክክበት ፈልጎ ወደ ማሽኑ ዞረ።

"መብራት ሲቋረጥ ይጮህ አልነበር እንዴ? ዛሬ ምን ነካው?"

"ጩኸቱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች እማዬ። "እንግዶች ነበሩህ። ደስ ብሎህ ስትስቅ ሰማሁህ፣ ልጄ።"

ወር ሙሉ ሲያብራራ የከረመው ሰውዬ በሩ ላይ እንደቆመ ስልኩን አውጥቶ ለኤሌክትሪሻኑ ደወለ።