የጎማው የልብ መለኪያ

ጎማው የቤት ስሙ አይደለም። ያወጡለት የአውቶቡስ ሹፌር ጓደኞቹ ናቸው፤ ሆዱን መሪው ላይ ካላስደገፈ መንዳት አይችልም እያሉ። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። የድርጅቱ ሐኪም ከመሪው ያወረደው ቀን ግን ሳቁ ቀረ። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ወር ሙሉ በየቀኑ ስፖርት ሥራ፣ የልብ ምት መለኪያ ገዝተህ ያቃጠልከውን ካሎሪ አሳየኝ፣ አለዚያ የጤና ወረቀትህ ላይ አልፈርምም ነው ያለው በጨዋ አነጋገር። ጎማው ደግሞ ከመንዳት በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ካልተፈረመለት እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው።

ስፖርት ዕቃ መሸጫው ሲደርስ ገና ከበሩ ላብ አጠመቀው። ሻጯ ሰው አክባሪ ልጅ ናት፤ ሁለቱንም ዓይነት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስረዳችው። አንደኛው ደረት ላይ በቀበቶ ይታሰራል፤ ምቱን ከልብ አጠገብ ስለሚይዝ የካሎሪ ስሌቱ ይበልጥ የሚታመነው የእሱ ነው። ሌላው እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚደረግ ነው። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ግን ተኝተውም ቢሆን ይለካል፣ ሲፈልጉ ያወልቁታል። ጎማው ሐኪሙን አፍ የሚያስይዝ ነገር ነበር የፈለገውና የደረቱን መረጠ። ልጅቷ ከሸሚዙ በላይ አዙራ ልትሞክርለት ብትስበው ሁለቱ ጫፎች ርቀው ቀሩ። ትንፋሹን ዋጠ፣ ሆዱን ሰበሰበ። ወይ ፍንክች።

«ችግር የለም፣ ተለቅ ያለው መጋዘን አለ፤ ላምጣልዎት?» አለች።

ለደግ ብላ ነው። ግን ከኋላው ጫማ የሚመርጡ ሁለት ቀጫጭን ወጣቶች ዞር ብለው አዩት። ጎማው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የእጁን ስጪኝ ብሎ ከፈለ። መሣሪያው ላይ ልትሞላለት ኪሎውን ስትጠይቀውም የሰርጉን ቀን ኪሎ ነገራት።

በማግስቱ ጠዋት ሊሮጥ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ የሚያውቀው ሹፌር አውቶቡሱን አቀዝቅዞ በመስኮት ብቅ አለና፣ ጎማው ተንፍሷል፣ ነፋስ የሚሞላ ይጠራለት ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ጎማው እንኳን ሊሮጥ፣ ወደ ቤቱ በየት በኩል እንደሚመለስ ጠፋው። ከዚያ ወዲያ የስፖርት ጫማውን አላነሳውም።

ሚስቱ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ባልዲና መወልወያ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው የምትውለው። ያን ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ስትዘፈዝፍ አያት፤ አያትና ክፉ ሐሳብ መጣለት። ሰዓቱን አውልቆ እጇ ላይ አሰረላት።

«ለአንቺ ነው የገዛሁት» አላት።

ከቀለበቷ በቀር ስጦታ ገዝቶላት አያውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጎማው ግን ለቤቴ ብዬ ነው ብሎ ራሱን አታለለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ሰዓቱን አታወልቅም፤ እንቅልፍ ላይ እንኳን። ማታ ማታ የተለካው ሁሉ እሱ ስልክ ላይ ይገባል። በቅርቡ ደረጃው በዛብኝ፣ እየደከመኝ ነው ብላው ነበር። እሱ ያን ጊዜ ስልኩን እያየ ካሎሪው ማደጉ ደስ ብሎት፣ አይዞሽ ብቻ ብሎ አልፏታል።

ቀጠሮው ደረሰና ሚዛን ላይ ወጣ። እንኳን ሊቀንስ ጭማሪ አለው። ሐኪሙ ሚዛኑንም ስልኩንም ደጋግሞ አየ። ይህን ያህል ያቃጠለ ሰው እንዴት እንዲህ ይከብዳል ሳይል፣ የእንቅልፍ ሰዓት ምቱን ከፍቶ ቆየበት። ከዚያ ማዳመጫውን የጎማው ደረት ላይ አድርጎ አዳመጠ።

«ይሄ ልብ የእርስዎ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «የእርስዎ ረጋ ብሎ ነው የሚመታው። ይሄኛው ተኝቶም ይሮጣል። የማን ነው?»

ጎማው ውሸት ቢፈልግ አጣ።

«የባለቤቴ። ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው የምትውለው።»

ሐኪሙ ቢሰድበው ይቀለው ነበር። ስለ ፊርማው አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ደረጃ መውጣቷን አሁኑኑ ታቁም፣ ዛሬውኑ ይዘዋት ይምጡ ብቻ አለው።

ጎማው ሕንፃው ጋ ሲደርስ ሚስቱን የላይኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ባልዲዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣ አገኛት፤ እጇ ደረቷ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ እሱም ቁና ቁና እየተነፈሰ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ የሐኪሙን፣ የካሎሪውን፣ የልቧን። ዓይኗን ማየት ስላቃተው የሚያወራው ለባልዲው ነበር የሚመስለው።

እሷ ስለ ልቧ አልጠየቀችም። ሰዓቱን አየት አድርጋ፣

«ለእኔ አልነበረም እንዴ?» አለች።

ነበር ሊላት ከአፉ ጫፍ ደረሰ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«አልነበረም» አለ።

እጇን በሽርጧ አበሰች። ባልዲውን ተቀበላትና በየፎቁ እያረፉ ወረዱ። ታች ሲደርሱ የሕንፃው ጥበቃ ከወንበሩ ተነሥቶ ጎማውን ሞቅ አድርጎ ጨበጠው። እሷ ሰዓቱን ያላሳየችው ሰው እንደሌለ፣ የራሱም ሚስት በዚሁ ሰበብ ቤት ውስጥ እንደምትነዘንዘው እየሳቀ አወራ። ለካ ይህን ስጦታ የገዙት እርስዎ ነዎት አለው።

የጎማው ሚስት እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ሰዓቱን እንደገና ለጥበቃው አሳየችው።

«አዎ፣ እሱ ነው የገዛልኝ» አለች።

ጎማው ባልዲውን ማስቀመጥ እንኳን ረስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ወጣ።