ባዶውን ቅርጫት የከበቡ ወፎች

ባሕር ሄጄ አላውቅም፤ ሥራዬ ግን ቀኑን ሙሉ ባሕር ማየት ነው። በሐይቅ ዳር ከተማችን፣ ታቦር ሰፈር ውስጥ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች ክፍል፣ ቱና ከሚያጠምዱ መርከቦች የሚላክ ቪዲዮ እንመረምራለን። የሕንድ ውቅያኖስን ቱና የሚካፈሉት አገሮች ማንም የራሱን መርከብ እንዳይዳኝ ተስማምተዋል። እኛ ጭራሽ ወደብም የዓሣ መርከብም ስለሌለን ተመረጥን። እያንዳንዱን ቪዲዮ ሁለት ሰው በሁለት አገር ያየዋል፤ ካልተስማሙ መርከቡ በነጻ ይለቀቃል። የእኔ አጣማሪ ኮሞሮስ ያለው ሰኢድ ነው።

አንድ ቀን ያየነው መርከብ ትናንሽ ቱናዎች እንዲያድጉ ለአጥማጅ በተዘጋ ውሃ ላይ ቆሟል። የካሜራው መስታወት በጨው ደፍርሷል። ሰማያዊ ጭጋግ፣ በጭጋጉ ውስጥ የሰው ጥላ፣ በጥላው ዙሪያ የተሰለፉ ነጫጭ ወፎች።

«አጥምደዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሰኢድ «አልታየኝም» አለ።

አለቃዬ ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ዓሣውን አየሽው?»

«ወፎቹን አየሁ። ዓሣ የሚያጸዳ ሰው ከሌለ እንዲህ አይሰለፉም።»

«አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያለሽ መሰለሽ እንዴ ፀደይ? ወፍ ምስክር ልትቆጥሪልኝ ነው?»

«እርስዎ ደግሞ፣ ጋሽ ደምሴ!»

«ቀልዴን አይደለም። ባለፈውም በግምት ጽፈሽ ተመልሶብናል። ከምሳ በኋላ ወይ አረጋግጪ ወይ ሰርዢ። ከደገምሽው ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ምሳዬን ትቼ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ውሃ ሲያይ የዋለ ዓይን ደረቅ ነገር አያምንም፤ አስፋልቱ ሞላ፣ ጎደለ፣ ባጃጇም እየተንሳፈፈች አደረሰችኝ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ተበትኗል። አንድ ሰው ባዶ ቅርጫቱን ሊያጥብ ዳር ላይ ቁጢጥ አለ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ባለ ረጅም እግር አሞራዎች፣ ከየዛፉ ወርደው ከበቡት፤ መላጣ አንገታቸውን ወደ እጁ አዘንብለው ቆሙ። ዓሣ የለው፣ ቢላዋ የለው።

«ምንም የለም እኮ!» አላቸው። «የትናንቱ ጣማችሁ አይደል?»

ተሳስቻለሁ። ወፍ የሚሰለፈው አሁን ለሚጣልለት ብቻ አይደለም፤ ትናንት ለተጣለለትም ነው። መርከቡ የቆመበት ውሃ ደግሞ ትናንትም ዝግ ነበር።

ተመልሼ የጻፍኩትን ሰረዝኩና የቀደመው ቀን ቪዲዮ ለእኔም ለሰኢድም እንዲላክ ጠየቅኩ። ሲመጣ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ቆሙ። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። ሰማዩና ባሕሩ ድንበር የላቸውም፤ ክፍሏ በሙሉ ሰማያዊ ሆነች። ሰውየው ቢላዋ ይዞ ተቀመጠ። እግሩ ሥር ክንድ የማይሞሉ ቱናዎች ተከምረዋል። ወፎቹ ከብርሃኑ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ዙሪያውን ያዙ።

ከኮሞሮስ መልእክት ገባ፦ «አየሁ። አጥምደዋል።»

ሁለታችንም ተስማማን፤ መርከቡ ከተዘጋው ውሃ ይወጣል። ጋሽ ደምሴ ወንበሬን በእግራቸው ወደ ጠረጴዛው ገፋ አደረጉልኝ።

«ተቀመጪ እንግዲህ» አሉኝ፤ «ምስክሮችሽ ግን አበል እንዳይጠይቁኝ።»

ከሥራ ስወጣ የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሞ እጄን ያያል። ባዶ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። አልሄደም።