የነጻ ሴት ሐዘን

ምባሬክ ብቻውን ሞተ። ሚስቱ ሰሌካ ያን ሌሊት ያደረችው እንደ ሁልጊዜው እመቤቷ ኸዲጄ ቤት፣ በሩ ሥር ነበር። አገሩ ነጻ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ከእንግዲህ ባሪያ የሚባል የለም ተብሏል።

«አሁን ደግሞ ኸዲጄ ምን ብላ ላከች?» አለች የሟቹ እኅት ዘይዳ፣ ሻዩን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየገለበጠች።

ነጻ ሴት ባሏ ሲሞትባት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷን ይዛ ታዝናለች። ለባሪያ ግማሹ ይበቃታል፤ የቆየ ደንብ ነው። ግማሹ ትናንት ሞላ፤ ስለዚህ ሰሌካ ወደ ሥራዋም ወደ መኝታዋም ትመለስ። የኸዲጄ መልእክት ይኸው ነበር።

ሰሌካ ጎጆ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ተንሾካሾኩ። አንዷ እንዳትሄድ መከረች። ሌላዋ ማሽላውን ማን ሊሰፍርላት ነው፣ ጎጆውስ ያረፈው በማን መሬት ላይ ነው አለች።

«ነጻነቱማ መጥቶ ነበር» አለች ዘይዳ። «እኛ ሰፈር ሲደርስ ግመሉ ደከመው እንጂ።»

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ሰሌካ አልሳቀችም። የምታየው ምንጣፉን ነበር።

ምባሬክ የኸዲጄን የቴምር ዛፎች ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ማታ ማታ መጥቶ በእመቤቷ በር አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ሰሌካን ይጠብቃታል። ቤተሰቡ ሲተኛ ትወጣለች፤ ጥቂት አውርተው ተመልሳ ትቀረቅራለች። አንዳንዴ ጨርሶ አትወጣም። ባንዲራው የተሰቀለ ሰሞን ጭቃ አቡክቶ ይህችን ጎጆ ሠራ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ምንጣፍም ጎነጎነ።

«በቃ፣ ነይ» አላት።

«እሜቴን አሟቸዋል። ከቴምር ለቀማው በኋላ።»

ከለቀማው በኋላ እንግዳ መጣ፤ ከእንግዳው በኋላ የልጅ ግርዛት። ምባሬክ የሚጨቀጭቅ ሰው አልነበረም። ትኩሳቱ ባንድ ሌሊት ገደለው። ጠዋት ያገኘችው ዘይዳ ናት፤ ከምንጣፉ አንድ ጎን ተኝቶ፣ የሰሌካን ወገን ሳይነካ።

ዘይዳ ኢማሙን ጠይቃ ነበር። ሐዘንተኛ ለምትበላው ስትል ቀን መውጣት ትችላለች፤ ሌሊት ግን በባሏ ቤት ማደር ግዴታዋ ነው ብለዋል። የጠየቀችው ለሰሌካ እንደሆነ ግን አልነገረቻቸውም።

ሰሌካ ወደ ኸዲጄ ቤት ሄደች። ምን ትብላ? ቀኑን ሙሉ ማሽላ ስትወቅጥ ዋለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙቀጫውን ደፍታ እጇን ታጠበች።

«ወዴት ነው?» አለች ኸዲጄ፣ ከትራሷ ሳትነሣ።

«ቤቴ፣ እሜቴ። ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ያንቺ ትናንት አልቋል አልኩሽ እኮ።»

«የባሪያዋ ነው ያለቀው።»

ኸዲጄ ትራሷን አመቻቸች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ጎጆዋን ማፍረስ የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነ ነገረቻት። ሰሌካም ታውቃለች። ነገ ተመልሳ እንደምትመጣም፣ ሙቀጫው ያው ሙቀጫ እንደሆነም ታውቃለች።

«በጠዋት እመጣለሁ» አለች።

ደጁ ላይ ቆመች። ምባሬክ ሲደገፈው የኖረው ግድግዳ በጀርባው ልክ ወዝቷል። መዳፏን አሳረፈችበት፤ ከቀኑ ሙቀት ገና አልበረደም። ይህን በር ዕድሜዋን ሁሉ የዘጋችው ከውስጥ ሆና ነበር። አሁን ከውጭ ሳበችው፤ ሳትቸኩል፣ እስኪገጥም።