ትከሻዋ የሚችለው ካሜራ

ካሜራ ሊያስመርጣት አብሯት የሄደው ትከሻዋን የሰበረው ወንድሟ ራሱ ነበር። ሐሳቡ የእናታቸው ነው።

ልጅቷ ለአንድ የስፖርት ጋዜጣ ፎቶ ታነሳለች። ሥራውን ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየሜዳው የሚያውቋት ሁሉ አሞራ ይሏታል፤ ከወዲያኛው ጥግ ቁጭ ብላ፣ በወዲህኛው ጥግ ማን የማንን ማሊያ እንደጎተተ አታጣውምና። ካሜራዋ ከነሌንሱ አራት ኪሎ ይመዝን ነበር። ቀኝ ትከሻዋ ላይ አንግታው ስትሄድ፣ የተኛ ሕፃን እንደታቀፈች እናት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ማለት ለምዶባት ነበር።

ወንድሟ በስድስት ዓመት ይበልጣታል። ተከላካይ ነው፤ ግንቡ ነው ቅጽል ስሙ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ከክለቡ ጋር የመጨረሻ ውሉን ፈርሞ እየተጫወተ ነበር። በአንድ ጨዋታ ላይ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር፣ ሲያስቸግረው የዋለውን አጥቂ በክርኑ አገጩን መታው። ሰውየው ሁለት ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ዳኛው አላየም፤ የመስመር ዳኛውም አላየም። የእህቱ ሌንስ ግን አየ። ሰባት ፎቶ አነሳች። ልታጠፋቸው ትችል ነበር፤ ጣቷ መደምሰሻው ላይ እንደነበረም አትክድም። አላጠፋችም፣ ለአዘጋጁ ሰጠችው።

ፎቶው የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ግንቡ ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ክለቡም ውሉን ቀደደው። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጋዜጣውን ጨምድዶ እንደያዘ ቤት ገባ። እሷ ጠረጴዛ ላይ ሌንሷን እየወለወለች ነበር።

«ወንድምሽን ሸጥሽው አይደል?»

«ጋሼ፣ ቁጭ በልና...»

ቃሏን አልጨረሰችም። ካሜራውን በማንገቻው ያዘና እንደ ወንጭፍ አዞረው። የመጀመሪያው ቁምሳጥኑን አገኘ። ሁለተኛው አንገቷና ትከሻዋ መሃል አረፈ። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰብሩት እንደሚጮኸው ያለ ድምፅ ነበር። ከወደቀች በኋላ ካሜራውን ወለሉ ላይ እስኪበታተን ቀጠቀጠው። እናታቸው ጭልፋ እንደያዙ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። አልጮኹም፣ አልገላገሉም፤ ክው ብለው ቀሩ።

ሆስፒታል ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቷ ቀድመዋት «ከደረጃ ወድቃ ነው» አሉ። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

አጥንቱ ጠመም ብሎ ገጠመ። ሐኪሙ ከአንድ ኪሎ በላይ በዚያ ትከሻ እንዳታነሳ፣ ያንንም ቢሆን ብዙ እንዳታቆየው አስጠነቀቃት። በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ወንድሟ አንድ ጊዜ እንኳ ይቅርታ አላላትም። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና፣

«እሱ ራሱ ይግዛልሽ» አሏት። «አብራችሁም ሂዱ። ሰው አብራችሁ ሲያያችሁ ወሬውን ይተዋል። ወንድምሽ እኮ ነው።»

ሄደች። ካሜራ ያስፈልጋት ነበር፤ እናቷን እምቢ ማለትም አልለመደችም።

የካሜራ መሸጫው አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሲገቡ ከሻጩ በቀር ማንም አልነበረም። ሻጩ አሮጌ ኮፍያ ያጠለቀ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሽማግሌ ነው። አንድ ነገር ሲጠይቁት ከፍጥረት ጀምሮ ስለሚያስረዳ ደንበኞቹ መምህሩ ይሉታል።

«ምን ልታዘዝ፣ ልጄ?»

«ቀላል ነገር። ግን ከሩቅ የሚያመጣ።»

«ለወፍ ነው ወይስ ለሰው?»

«ለኳስ።»

«ኳስ ከወፍ ይብሳል!» አለና ሦስት ካሜራ መስታወቱ ላይ ደረደረላት። «ሦስቱም ሌንሳቸው አይነቀልም። እንደ ትልቆቹ ሌንስ በሻንጣ ይዞ መዞር የለም። እንዲያውም ዝም ልበልና ራስሽ ሞክሪያቸው፤ እኔ ካወራሁ ይመሻል።»

መስኮቱ ጋ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ አንድ ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ጉንጭ እየላጨ ነበር። የመጀመሪያው ካሜራ ኪስ ይገባል፤ ክብደቱ የለም ማለት ይቻላል። ግን ዓይን የሚያስጠጉበት ቀዳዳ የለውም፤ በስክሪኑ ለማየት እጅ መዘርጋት ግድ ነው። ዙሙን እስከ መጨረሻው ስትወስደው ምላጩና ጉንጩ አብረው ጨፈሩ። ትከሻዋም አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። መለሰችው።

ሁለተኛው የሦስቱ ጉልቤ ነው። «ይሄ ጨረቃን ደጅሽ ያመጣልሻል» አለ መምህሩ። እውነቱን ነው፤ የፀጉር አስተካካዩን ቅንድብ አንድ በአንድ ቆጠረችው። ግን ኪሎ ተኩል ይጠጋል። በልቧ ስድስት እስክትቆጥር ያዘችው፤ ሰባት ላይ ትከሻዋ እንደ እሳት ፈጃት።

ሦስተኛው ስድስት መቶ ግራም ነበር። ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አስጠጋች፣ ክርኗን ጎድኗ ላይ አሳረፈች። ምላጩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ፀጉር አስተካካዩ ዞር ሲል ካሜራው ተከተለው። ሰላሳ ቆጠረች። ትከሻዋ ዝም አለ።

«ጉድለቱን ልንገርሽ» አለ መምህሩ። «ብርሃን ሲያንስ ይፈዛል። አመሻሽ ላይ ያለ ጨዋታ ያስቸግርሻል። ይሄን ደብቄ ብሸጥልሽ ነገ ትረግሚኛለሽ።»

«ብረግም ኮፍያህን ነው እንጂ አንተን አይደለም» አለች። ሽማግሌው ኮፍያውን ነካ አድርጎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከሦስት ወር ተኩል ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወንድሟ እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ሳቋን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ዓይኑ አረፈ። የሰበረው ካሜራ መንትያ፣ ከነረጅም ሌንሱ፣ እዚያ ተቀምጧል።

«ያንን አውርደው» አለ።

«ጋሼ፣ እሱን አልችለውም።»

«ያንኑ ነው የሰበርኩት፣ ያንኑ ነው የምገዛው።»

«ሐኪሙ ምን እንዳለ ታውቃለህ።»

«ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል! እኔ ስንት ጊዜ ተሰብሬ ተጫውቻለሁ። አሻንጉሊት ገዛላት ሊባል ነው? እንደድሮው ነው የምትሆኚው አልኩ!»

ያኔ ገባት። ለእሷ አልነበረም የሚገዛው። ያው ካሜራ ያው ትከሻ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ያ ቀን እንዳልነበረ ይቆጠርለታል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብትለው አይሰማትም፤ ደሙ ፈልቷል።

«ወንድሜ» አለ መምህሩ በለሆሳስ፣ «የሚሸከመው ትከሻ እኮ የእሷ ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ!»

ባንኮኒውን ዞሮ ካሜራውን ራሱ አወረደው። ማንገቻውን አንገቷ ውስጥ አጠለቀና፣ ወደ ተሰበረው ትከሻዋ ስቦ ለቀቀው። አራት ኪሎ በጠማማው አጥንት ላይ ወረደ። ሰማይ ምድሩ ዞረባትና በጉልበቷ ተንበረከከች። «ያዥው! ቁሚና ያዥው!» ይላል ከላይዋ።

መምህሩ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሊያወልቅላት ጎንበስ አለ። ግንቡ በኮሌታው አንስቶ በግንባሩ አፍንጫውን መታው። የሽማግሌው መነጽር ለሁለት ተሰበረ። ደገመው። ሦስተኛውን ጊዜ ጭንቅላቱን ይዞ ከባንኮኒው መስታወት ጋር አላተመው፤ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀና ረገፈ፣ ደሙ በየካርቶኑ ላይ ተንጠባጠበ።

«በቃ! ጋሼ፣ ትገድለዋለህ!»

አልሰማም። ዓይኑ ደም ለብሷል። የሽማግሌውን ፊት የመስታወቱ ስባሪ ላይ ተጭኖ ይዞታል።

ማንገቻውን አውልቃ ተነሳች። ግድግዳው ሥር የብረት የካሜራ መቆሚያ፣ ሦስት እግሩ ታጥፎ ተደግፏል። ቀኝ እጇ አይታዘዛትም፤ በግራዋ ያዘችው። በተጫዋች ሠፈር ያደገች ናትና የት እንደሚመታ ታውቃለች። ባለ በሌለ ኃይሏ የግራ ጉልበቱን ከጎን መታችው።

ጉልበቱ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጠፈ። ግንቡ ተገርስሶ ወደቀ፤ ጩኸቱ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ወለሉ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አያት። የአዋቂ ፊት አልነበረም፤ ውጪ ሳለ በር የተዘጋበት ልጅ ፊት ነበር።

መምህሩ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ርቋል። ከዚህ በኋላ የሚያድኑት ሰው አልነበረም። ይሄን አወቀች። አውቃ ብረቱን ደግማ አነሳችና ያንኑ ጉልበት ደገመችው።

ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን የተቀበለቻት አንዲት ሳጅን ናት። ከመግባቷ በፊት እናቷ ኮሪደሩ ላይ ደርሰውባት፣ ክንዷን ጨምድደው «ወንድምሽ ተንሸራትቼ ነው ብሏል» አሏት በሹክሹክታ። «አንቺም እንደዚያው በይ። ቤታችንን አታፍርሺ፣ በጡቴ ይዤሻለሁ።»

የእናቷን ጣቶች ከክንዷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች።

ለሳጅኗ ሁሉንም ነገረቻት። የጋዜጣውን ፎቶ፣ ቁምሳጥኑን፣ አጥንቷን፣ ሆስፒታል የተባለውን ውሸት። ሳጅኗ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች።

«በብረቱ ስንት ጊዜ መታሽው?»

«ሁለቴ።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያው ሽማግሌውን ለማዳን ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው የራሴ ነው።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ ይሄን ባልጽፈው ይሻልሻል።»

«ጻፊው።»

ጻፈችው። ፍርድ ቤቱ በእህቱና በሻጩ ላይ ላደረሰው ጉዳት ወንድሟን የአንድ ዓመት ከሁለት ወር እስራት ፈረደበት። እሷንም ለሁለተኛዋ ምት ስድስት ወር ፈረደባትና በገደብ ለቀቃት። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ኳስ የሚባል ነገር አበቃለት። እሷን ያስጨነቃት ግን ቅጣቱ አልነበረም። በመታችው ዕለት ማታ ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወስዷት እስከ ጠዋት ሳትገላበጥ ማደሯ ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገረችም።

አፍንጫውና ግንባሩ ላይ አስራ አንድ ቦታ የተሰፋው መምህሩ ሱቁን ሲከፍት፣ ተመልሳ ሄዳ ባለ ስድስት መቶ ግራሙን ከራሷ ደመወዝ ገዛች። ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት «ዝም በይና ባትሪውን እንዴት እንደምትቆጥቢ ላስረዳሽ» አላት። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳት። በመጀመሪያው ጨዋታ ያነሳችው አመሻሽ ላይ ፈዘዘ፤ አዘጋጁም ጭቃ ይመስላል ብሎ ጮኸባት። በሁለተኛው ከፀሐይ ጋር እንዴት እንደምትሽቀዳደም አወቀችበት።

ከቤት ወጥታ ስታዲየሙ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። እናቷ አራት ወር ሙሉ አላናገሯትም። በአምስተኛው ወር አንድ ሐሙስ ሳይደውሉ መጡ። አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ምድጃውን ዓይናቸው ሲቃኝ ቆየ፤ «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ያቀረበችላቸውን በሉ፣ ሳህኑን ራሳቸው አጠቡ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሲወጡ በሩ ላይ ነጠላ ጫማቸውን እያስተካከሉ፣

«ቅዳሜ ልጠይቀው እሄዳለሁ» አሉ። «ትመጫለሽ?»

«አልመጣም፣ እማዬ።»

«እሺ።» ሁለት ደረጃ ወረዱና ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም። «ስለ አንቺ ከጠየቀኝ ምን ልበለው?»

አሰበች። ከማዶ ልጆች ግድግዳ ላይ ኳስ ሲያነጥሩ ይሰማል።

«ሥራ ላይ ናት በይው» አለች።

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁና የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።