ሦስት የተረፉ አጥንቶች

በያጁ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግና የአልጋ ብረት ነበር። ታዲያ ሙዚየሙ አስጠርቶ «የአንድ አውሬ አጽም ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ብረት ሥራልን» ሲለው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። አውሬው ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ አራት መቅዘፊያና ከሰውነቱ የሚረዝም አንገት ያለው ፍጥረት ነው አሉት፤ ከሞተ ሰባ ሚሊዮን ዓመት አልፎታል።

«ዳይኖሰር ነው በሉኛ!» አለ።

«ዳይኖሰርስ አይደለም፣ የባሕር ተሳቢ እንስሳ ነው» አለችው ዶክተሯ። አጽሙን ገና ተማሪ ሳለች ከመምህሯ ጋር ከድንጋይ ካባ ያወጣችው እሷ ናት። ብረቱ የሚሠራበት ሥዕልም የእሷ ነው። በሥዕሉ ላይ አንገቱ ስልሳ ዘጠኝ አጥንት አለው።

በያጁ በሥዕሉ ልክ ብረቱን ቆርጦ አጎበጠ፤ ለያንዳንዱ አጥንት መቀመጫ የሚሆን ብረት ጣት በየደለት። ከዚያ አጥንቶቹን ወለሉ ላይ በተነጠፈ አሸዋ ደረደራቸው፤ ቀጫጭኑን በራስ በኩል፣ ወፋፍራሙን በትከሻ በኩል። ቁጥር በቀለም ተጽፎባቸው ነበር፣ ግን መጋዘን ውስጥ ሲገላበጡ ኖረው ግማሹ ተፍቋል፤ ስለዚህ በዓይኑ እየመዘነ በውፍረታቸው አሰለፋቸው። ሥራውን ጨርሶ ቀና ሲል ስልሳ ዘጠኙ ቦታ ሞልቶ ሦስት አጥንት እጁ ላይ ቀርቷል።

«ኧረ ጉድ!»

የተረፉትን ጨምሮ ከራስ ጀምሮ ቆጠረ፤ ሰባ ሁለት። ከትከሻ ጀምሮ ቆጠረ፤ ሰባ አንድ። ላቡን ጠርጎ እንደገና ቆጠረ፤ ሰባ ሁለት። ሞተር ፈትቶ የገጠመ መካኒክ ብሎን ሲተርፈው «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ብሎ ኪሱ ይከታል። ይህን አውሬ የሠራው ፋብሪካ ግን አብዝቶ የሚሰጥ አልመሰለውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሚስቱ አጫወታት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት።

«እኔ ጨርቅ ከተረፈኝ ከሁለት አንዱ ነው» አለችው። «ወይ ባለቤቷ አብዝታ ሰጥታኛለች፣ ወይ እኔ አንድ እጅጌ ረስቻለሁ።»

«የኔስ የትኛው ነው?»

«ምን አውቄልህ! የአውሬ አንገት ለክቼ አላውቅ። ሂድና ለዶክተሯ ንገራት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእሱ ነገር ግን ከነገራት በኋላ ይብሱን ደፈረሰ።

«ጋሼ፣ በደንብ ቆጥረኸዋል?» አለች ዶክተሯ ፊቷ ተለዋውጦ።

«ሦስቴ ቆጥሬያለሁ፣ ዶክተር። ሁለቴ ሰባ ሁለት፣ አንዴ ሰባ አንድ።»

አሸዋው ላይ ተንበርክካ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ሰባ ሁለት ላይ ስትደርስ አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ዘፍ አለች። ቆይታ የተረፉትን ሦስቱን በአጉሊ መነጽር አገላብጣ አየች።

«እየው፣ ላዩ ላይ የሚኖረው ቅስት የለም። ተሰብሮ አይደለም፣ ከአጥንቱ ግንድ ጋር የሚገጥመው እንስሳው ሲያድግ ነው፤ ይሄ ገና ሳይገጥም ተላቋል። እነዚህ ያላደገ እንስሳ አጥንቶች ናቸው። የትንሹ እንስሳ የትከሻ በኩል አጥንት ከትልቁ የመሀል አንገት ጋር ይተካከላል፤ ለዚህ ነው የተምታቱት።»

«ተመስገን! እኔ አልተሳሳትኩማ!»

ደስታው ብዙ አልቆየም። ዶክተሯ ሌሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀምራ አርባ አንደኛው ላይ ቀጥ አለች። አነሣችው፣ ነፋችው፣ መልሳ አየችው።

«ይሄም ቅስት የለውም፤ የትንሹ ነው» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ቆይ እስቲ… ታዲያ አሁን ተረፈ ነው የሚባለው ጎደለ?»

«ተርፎም ጎድሎም።»

በያጁ አናቱ ዞረ። እሷም ከእሱ አልተሻለችም። አንገቱ ድሮውንም ስልሳ ስምንት ነበር? ወይስ ስልሳ ዘጠኝ ሆኖ አንዱ ድንጋይ ካባው ውስጥ ቀርቷል? የመምህሯን ማስታወሻ ደብተር አመጣች። መምህሯ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ገጹ ላይ የሚነበበው «ከአራተኛው ድንጋይ፣ አጥንቶች» የሚል ብቻ ነው፤ የቀረውን ውሃ አጥቦታል።

«ትንሹ የትልቋ ልጅ ይሆን እንዴ?» አለ በያጁ።

«አላውቅም።»

«ወይስ በልታው?»

«አላውቅም።»

«ወይስ እንዲያው ጎኗ የሞተ…»

«ጋሼ፣ አላውቅም አልኩህ እኮ! ሴት መሆኗንም አላውቅም!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ደንግጣ «ይቅርታ» አለችው። «አሥራ ሁለት ዓመት ስልሳ ዘጠኝ እያልኩ አስተምሬያለሁ።»

በያጁ የሰው ዕቃ የሰበረ ያህል ተሰማው። «ሳልነግርዎ ብቀር ይሻል ነበር?»

አጥንቱን በመዳፏ አገላበጠችው። «እሱንም አላውቅም» አለችው።

በማግስቱ በመሀላቸው የጎደለ አጥንት ይኑር አይኑር ለማየት አርባኛውንና አርባ ሁለተኛውን አቀራርበው ሞከሩ። ገጠሙ እንዳይባል ይነቃነቃሉ፤ አልገጠሙም እንዳይባል ጠርዛቸው ይቀራረባል። ከሰዓት በኋላ እስኪደክማቸው ሲገጥሙና ሲፈቱ ውለው፣ በመጨረሻ ዶክተሯ «ክፍቱን ተወው» አለች። የአርባ አንደኛው ብረት ጣት ባዶውን ቀረ። አራቱን ትንንሽ አጥንቶች ግድግዳው ሥር የመስተዋት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ «ያላደገ እንስሳ አጥንቶች። ከትልቁ ጋር እንዴት እንደተገኙ አናውቅም» የሚል ጽሑፍ አኖረችበት።

አጽሙ ለሕዝብ በተከፈተ ዕለት በያጁ ሚስቱን ይዟት መጣ። ረጅሙን አንገት ቀና ብላ አየችና ሣጥኑ ጋ ሄዳ ቆመች።

«ምነው እናቱ ሆድ ሥር ሳታደርጉት?»

«እናቱ ትሁን የበላችው መች ታወቀና!»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «የተማሩ ሰዎች እንዲህ አናውቅም ብለው ይጽፋሉ?»

ከኋላዋ ዶክተሯ ደረሰች። «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀቻት፤ የምሯን ነበር።

የበያጁ ሚስት ትንንሾቹን አጥንቶች አየች። «ልጇ ነው ልል ነበር» አለች። ከዚያ ከላይ ያለውን ጭንቅላት፣ እንደ መርፌ የሾሉትን ጥርሶች ስታይ ፊቷ ተኮማተረ። «ኧረ እንጃ!»

ዶክተሯ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እኔም እዚያው ነኝ» አለች፤ ሦስቱም ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ቀሩ።