የአሥር ሴቶች ጥፍር

የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ፤ ይህን ማንም ፊት ስናገር አላፍርም። ያፈርኩበት ሌላ ነገር ነው።

አንድ የምርምር ማዕከል መጥረግ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እዚያ ያለችው ዶክተር ሴሊኒየም የሚባል ነገር ታጠናለች። ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ ሰው ይገባል። የሚያስፈልገን ቅንጣት ታህል ነው፤ ግን ሲጎድል ልብን ይጎዳል፣ ሲበዛም ጤና አይሰጥም። ሰው ይጉደለው አይጉደለው የምታውቀው ጥፍሩን በመሣሪያ አስመርምራ ነው። የኛ ሰፈር ሰው የሚበላው እህል የበቀለበትን አፈር ስለጠረጠረችው፣ ከአርባ ሰው ጥፍር እንድሰበስብላት ለመነችኝ። ጎድሎ ከተገኘ ማዳበሪያው ላይ ሴሊኒየም እንዲጨመር ልትጠይቅ ነው።

«እትዬ፣ የእግር ጥፍር ብቻ» አለችኝ። «እጅ የማይነካው ነገር የለም።»

ሠላሳው አላስቸገረኝም። አሥሩ ግን እህቴ የምትሠራበት ትልቅ ፀጉር ቤት ያሉ ፀጉር አጣቢዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ ቆመው እግራቸው ተሰነጣጥቋል። ጫማ አውልቁ ስላቸው እህቴ ቱግ አለች።

«እግሬን ባሌ እንኳ በቅጡ አላየውም! አንቺ ለዶክተር ልታሳዪብኝ?»

«ጥፍሩን ነው እንጂ እግርሽን በፖስታ አልልከው!»

ተሳሳቁ፤ ጫማ ግን ያወለቀ የለም። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጥፍር ያው ጥፍር ነው ብዬ ቆረጥኩ፤ ፖስታው ላይ «የእግር» ብዬ ጻፍኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ሠላሳው ሰው በጣም ጎድሎታል፤ የአሥሩ ጣራ ነክቷል። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተሯንና ባልደረቦቿን ሰብስቦ ሲነጋገሩ እኔ እዚያው መስኮት እወለውላለሁ።

«አማካዩ ደህና ነው» አለ። «ሰፈሩ ምንም አልጎደለውም። ጥናቱ ይዘጋ።»

ዶክተሯ ወረቀቱን እያገላበጠች «አሥሩ ለምን?» ትላለች ለራሷ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ብናገር እንጀራዬ ነው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወርኩት።

«የአሥሩ የእጅ ጥፍር ነው። የእግር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እትዬ! ምን አደረጉኝ?» ዶክተሯ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ «ሥራቸው ምንድን ነው?» አለች።

«ፀጉር ያጥባሉ። ጠዋት ማታ እጃቸው የፎረፎር ሻምፖ ውስጥ ነው።»

ከመቀመጫዋ ተነሣች። «በሴሊኒየም የሚሠራ የፎረፎር ሻምፖ አለ! ጥፍራቸው ላይ የተገኘው ከምግብ የመጣ አይደለም።»

«በጽዳት ሠራተኛ ወሬ ውጤት አይቀየርም» አለ ኃላፊው። «አማካዩን ይዘን እንዘጋለን።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሁለት ሳህን በልተው እኔ ጦሜን ብውል፣ በአማካይ አንድ አንድ በልተናል ሊሉኝ ነው?»

ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!»

«ነገን ነገ ያዩታል። ዶክተርዬ፣ አሥር ፖስታ ስጪኝ።»

«ሁለተኛ ብቻዎን አልልክዎትም» አለች። እውነቷን ነው። አብረን ሄድን።

ፀጉር ቤቱ መሐል ቆሜ መጀመሪያ የራሴን ጫማ አወለቅሁ። ተረከዜ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ የትንሿ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል።

«እዩት! የሠራሁበት እንጂ የሰረቅሁት እግር አይደለም። በናንተ ሻምፖ ሰበብ የሰፈር ሰው ጎድሎት ሳለ ሞልቶለታል ሊባል ነው። እግራችሁን ደብቁና እንዲያ ይባል፤ ወይ ጫማችሁን አውልቁ!»

እህቴ ጎንበስ ብላ እግሬን አየችው።

«ያንቺስ ከኔም ይብሳል» አለችና አወለቀች። ዘጠኙም ተከተሏት። ዶክተሯ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክካ ቆረጠች፤ እኔ ጻፍኩ።

አሥሩም ጎድሏቸው ተገኘ።

ውጤቱ በመጣበት ሳምንት ኃላፊው የዛተብኝን የስንብት ደብዳቤ አስቀርቦ ፈርሚ አለኝ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «አርባውንም ናሙና በማበላሸቷ» ይላል። የእኔ መባረር አልበቃው ብሎ፣ በኔ ፊርማ የዶክተሯን ጥናት ሊቀብር ነው።

«ያበላሸሁት አሥር ነው።»

«ቁጥሩ ላንቺ ምን ይለውጣል? ያው ተባረሻል።»

«ለኔ ምንም።»

ከጠረጴዛው ላይ የገዛ እስክሪብቶውን አንሥቼ «አርባውንም» የሚለውን ሰረዝኩ፤ በላዩ ላይ «አሥር» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩለትና ባልዲዬን ደፍቼ ወጣሁ።