ለጾሙም ለረመዳኑም

መካነ ሰላም ሱፐርማርኬት ተከፈተላት ተባለ። ስሙ ብቻውን ያስቃል። የኋላሸት የሚሉት ነጋዴ የድሮ ሱቁን ግድግዳ አፍርሶ ከጎኑ ካለው የእህል መጋዘን ጋር አገናኘው፣ ፊቱን መስታወት አለበሰው፣ ከበሩ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል ሰቀለበት፤ አለቀ። ስኳሩ ያው ስኳር፣ መኮሮኒው ያው መኮሮኒ። ሰዉ ግን ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። ወደ ከላላ የሚሄደው መንገደኛ እንኳ መኪናው እያመለጠው አንገቱን ያሰግጋል።

ዘሊካም ከሰዉ መሀል ቆማለች። ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም፤ እስካሁን ግን በከተማው ውስጥ ያልናቀችው ነገር ጥቂት ነው። አቧራውን ንቃለች። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚቆጥረውን ጎረምሳ ንቃለች። «ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ከማለት በቀር ሌላ ሰላምታ የማያውቁትን ዘመዶቿን ከሁሉ አብልጣ ንቃለች። የኋላሸትን ግን መናቁ ብቻ አልበቃት ብሎ ትጠላዋለች። ያን የእህል መጋዘን መጀመሪያ ልትከራየው የጠየቀችው እሷ ነበረች። ሰውየው ወሬውን ሰምቶ ቀደማትና ሰው በተሰበሰበበት፣ «የአረብ ሽንት ቤት ስታጥብ ኖራ ዛሬ ነጋዴ ልትባል አማራት» ብሎ አሳቀባት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

ያልናቀቻቸው ሰው እማማ አልታዬ ብቻ ናቸው። እናቷ በልጅነቷ ስትሞትባት ከአጥሩ ማዶ ያሉት እኒህ ክርስቲያን ሴት ወስደው አሳደጓት። ፀጉሯን ሠርተው፣ ሻሿን አስረው ቁርአን እንድትቀራ የሚልኳት እሳቸው ነበሩ። ሥጋ ለየሃይማኖቱ ነው፤ እሱን ማንም አይነካካውም። ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ግን ሁለቱ በአንድ ትሪ ሲበሉ ኖረዋል። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እማማ አልታዬ ከቅዳሴ ወጥተው በዘጠኝ ሰዓት መብላት ሲችሉ «ልጄን ትቼ ምን ይወርድልኛል?» ብለው መግሪብ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ዘሊካም ወሩን ሙሉ ሥጋ ከቤቷ አላስገባችም። ፀሐይ ስትጠልቅ ትሪውን ይከባሉ። ዘሊካን በዚህ አገር የሚያቆያት ሌላ ነገር የለም። እማማ አልታዬ ከዚያ ትሪ የቀሩ ዕለት መካነ ሰላም ለእሷ መናኸሪያ ብቻ ትሆናለች፤ ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

የኋላሸት ማይክራፎኑን ጨብጦ ደረጃው ላይ ወጣ። ከራሱ በላይ በተሰቀለው ጨርቅ «ለጾሙም ለረመዳኑም የሚሆን ሁሉ እኛ ጋ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ለመጣው ሰው ሁሉ ማታ ጾሙን የሚፈታበት አንድ ፖምና ጥቂት ቀይ ከረሜላ በፌስታል ያድላል። ፖሙ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ሰዉ ፌስታሉን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ከፍ እያደረገ ያያል፣ ያሸታል፣ ለጎረቤቱ ያሳያል። ዘሊካ ጥርሷን ነከሰች።

«ዘሊካ!» አለ የኋላሸት በማይክራፎኑ። «ነይ ውሰጂ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል? ከጌቶችሽ ገበታ ላይ ስታነሺ የለመድሽው አይደል?»

ሰዉ ሳቀ። በነፃ ፖም የተገዛ ሳቅ ስለሆነ ሞቅ ያለ ነበር።

ዘሊካ ሰዉን እየገፋች ደረጃው ላይ ወጣች። ፖሙን ተቀብላ በጥፍሯ ፋቀችው። ነጭ ነገር እየተላጠ ከጥፍሯ ሥር ተጠቀለለ። ጣቷን የኋላሸት አፍንጫ ሥር አስጠጋችለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ንጽሕናው ነዋ» አለ።

«ሰም ነው» አለችና ማይክራፎኑን ከእጁ መነተፈችው። «ስሙ እናንተ! ይህ የምታሸቱት ፖም ሰም የተቀባ ነው። ከተለቀመ ስንት ወሩ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ፤ አርጅቶ እንዳይጨማደድ ነው የቀቡት። ቆይ፣ ይቺ ምን አላት፤ ከረሜላውን ላንብብላችሁ።»

ማንበቡንስ ትችልበታለች። የመጨረሻዋ ማዳም ልጅ ቀይ ነገር በበላ ቁጥር ፊቱ ያብጥ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ ቤት የሚገባ ካርቶን ሁሉ መጀመሪያ በዘሊካ ዓይን ማለፍ ነበረበት። ቁጥሮቹን የተማረችው በጥፊ ነው። አንዱን የሳተች ቀን ጉንጯ ይቀላል፤ በማግስቱ አትስትም።

የከረሜላውን ካርቶን ገልብጣ እስኪበቃት አነበበች። «አንድ መቶ ሃያ! ይቺ ቁጥር ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ቁልቋል ላይ የምትለጠፍ ተባይ ናት። ለቅመው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው ቀይ ቀለም ያወጡባታል። ዘጠኝ መቶ አራት ደግሞ ማብረቅረቂያው ነው፤ እሱም ዛፍ ላይ ከምትኖር ሌላ ተባይ የሚወጣ ሙጫ ነው። ጾም ላይ ነን ትላላችሁ፣ ተባይ ትልሳላችሁ! ምን ታደርጉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሰጡትን ይውጣል።»

ቀጥሎ የሆነውን ለመናገር እንኳ ያሳፍራል።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው አምባቸው ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበርኩ እያለ እስከ ዛሬ በየስብሰባው የመጨረሻውን ቃል የሚወስድ ሰው ነው። ፌስታሉን ከፍ አድርጎ፣ «ከሆነስ ሆነና፣ ማን ነው ያረዳት?» አለ።

«ማንን?» አለው አጠገቡ የቆመው ልብስ ሰፊው አዩብ።

«ተባይቱን ነዋ! ነፍስ ያላት ነገር ናት ተባለ። ዕቃው የመጣው በአረብ አገር በኩል ነው። ቢስሚላህ ብለው አርደዋት ከሆነ የእስላም ሥጋ ነው፤ ለእኛ ጾሙ ቢፈታም አይሆነን።»

«ኧረግ ኧረግ! ወላሂ አንተስ አበዛኸው» አለ አዩብ። «ቢስሚላህ ቢባልባት ኖሮ ምን ቸገረኝ! ካልታረደችማ በክት ናት፤ ለእኛም ሐራም ነው።»

«ደም የላትማ፣ ምኗ ይታረዳል?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ቀዩ ታዲያ ደሟ አይደለም?»

ገሚሱ ወዲህ፣ ገሚሱ ወዲያ ሆኖ ይከራከር ጀመር። አንገት የሌላት ተባይ በየት በኩል ትታረዳለች የሚለው ብቻውን ብዙ አከራከረ። እኒህ ሰዎች ነቀዝ የበላውን ሽንብራ ከነነቀዙ አስፈጭተው ሽሮ የሚያደርጉ ናቸው። ማር ሲቆርጡ ከሰፈፉ ጋር የንቡን እጭም አላምጠው ጣታቸውን ይልሳሉ። ፈረንጅ ካርቶን ላይ ቁጥር ሲጽፍባት ግን ተባይ ሥጋ ሆነች፣ ሥጋም ሃይማኖት አወጣች። የኋላሸት በመሀሉ ማይክራፎኑን ለመንጠቅ እየታገለ፣ «ቫይታሚን ነው! ቫይታሚን ነው!» ይላል። ከረሜላው ደረጃው ላይ ይወረወር ጀመር።

ዘሊካ ልቧ ሞቀ። ያኔ የሳቀባት ሰው ሁሉ አሁን ፌስታሉን እንደ ቆሻሻ ከራሱ አርቆ ይዟል። ከሰዉ ጀርባ እማማ አልታዬን አየቻቸው። እሳቸውም ፌስታል ይዘዋል፤ የሚያዩት ግን ፌስታሉን ሳይሆን እሷን ነው። ፈገግ አለችላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በዚያን ቀን ማታ እማማ አልታዬ አልመጡም። ዘሊካ ደከማቸው መሰላት። ብቻዋን አፈጠረች፤ ድሏ ግን አጥግቧት ስለነበር ብዙም አልከፋትም።

በማግስቱ ያ ሁሉ ድል ተነነ። የኋላሸት በሩ ላይ «ከተባይ ነፃ» የሚል ወረቀት ለጠፈና ዋጋ ቀነሰ፤ ምንም ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ከረሜላው ያው ከረሜላ፣ ካርቶኑ ያው ካርቶን ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። አምባቸው ራሱ ትላንት ከወረወረው የሚበልጥ ፌስታል ይዞ ሲወጣ ዘሊካ በዓይኗ አየችው። ንቀቷ እስከ ጉሮሮዋ ሞላ። ለዚህ ሕዝብ እውነት መናገር ትርፉ ምንድን ነው እያለች ወደ ቤቷ ገባችና ምስሩን ጣደች።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እማማ አልታዬ መጡ። ከነጠላቸው ሥር የቆርቆሮ ጣሳ ይዘዋል።

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ! ትላንት ምነው ጠፉብኝ? ያመመዎት መስሎኝ ፈራሁ።»

«አላመመኝም» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጣሳውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። «አንዲት ነገር እንድታነቢልኝ ነው።»

ዘሊካ ጣሳዋን ተቀብላ ስታያት አወቀቻት። አረብ አገር የገባች ሰሞን ወደ አገር ለምትመለስ ሴት ሁሉ እያስያዘች ትልክላቸው የነበረችው ከረሜላ ነው። ያኔ ቁጥር አታውቅም፤ የምታውቀው የጣሳዋን ማማር ብቻ ነበር። ቁጥሩን ካወቀች ወዲህ ደግሞ ይቺን ጣሳ አንድ ቀን እንኳ አላሰበቻትም። ከፈተቻት። ታችዋ ላይ ጥቂት ቀያይ ፍሬዎች ቀርተዋል።

«የላክሽልኝን ሁሉ እንዲሁ አልነበረም የምበላው፣ ቆጥቤ ነው» አሉ እማማ አልታዬ። «ሁዳዴ ሲገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ እህል ከመቅመሴ በፊት አንዷን አፌ ላይ አደርጋለሁ። እሷ እስክትሟሟ ድረስ፣ አምላኬ ልጄን በደህና መልስልኝ፣ እያልኩ እለምናለሁ። ካለቀች በኋላ ነው እንጀራዬን የምቆርሰው። አንቺ በነበርሽበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ነው የጾምኩት። አሁን እስቲ ምን ተጽፎባታል?»

ዘሊካ ጣሳዋን ገለበጠች። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ቁጥሩ ግን ቁልጭ ብሏል። ሁለቱም አሉበት።

እኒህ ሴት በሕይወታቸው አንድ ረቡዕ፣ አንድ ዓርብ ገድፈው አያውቁም። ታመው ወተት ይጠጡ ሲባሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ናቸው። የዚያን ሁሉ ዓመት ጾም በገዛ እጇ ያስፈታቻቸው መሆኑን እንዴት ብላ ትንገራቸው?

«ይህኛው ሌላ ነው እማማ» አለች። ድምፅዋን አለሰለሰችው። «ቀለሙ ከቀይ ሥር ነው። አብሽሪ... አብሽሩ፣ ምንም የለበትም።»

«ቀይ ሥር?»

«አዎ፣ ቀይ ሥር። ሰላጣ ላይ የሚገባው።»

እማማ አልታዬ እጃቸውን ዘርግተው ጣሳዋን ወሰዱ። ገልብጠው፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙረው፣ አመልካች ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ፊደሉን አላውቀውም። ቁጥር ግን በስልክ ለምጄዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ። ትላንት በድምፅ ማጉያ ስትጮሂባት የነበረችው ይቺው አይደለችም?»

ዘሊካ ዓይኗን ወደ ምስሩ አዞረች።

«ትላንት ቤቴ ገብቼ አይቻታለሁ። በሁዳዴ ሳላስቀድስ የማልፈው ቀን አልነበረም፤ ዛሬ አላስቀደስኩም። ቁጥሯን ባውቅም ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት። ሳላውቅ የበላሁትን እግዜርም ያውቀዋል፤ የነፍስ አባቴ የሚሉኝን አደርጋለሁ። እሱ አይደለም የከበደኝ።»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው እማማ፣ ወላሂ! ሌላ አላሰብኩም።»

«ይገባኛል። ልጅ ሲያለቅስ ጡጦ እንደሚሰጡት ነው።» ጣሳዋን ክፍቷን መደቡ ላይ አስቀመጧት። «የኋላሸት ሰደበሽ፣ ሌባ ነው ትይዋለሽ። ለእሱ እንኳ በሰው ፊት እውነቱን ነገርሽው። አምባቸውን ሰው አድርገሽ አትቆጥሪውም፤ ለእሱም እውነቱን ነገርሽው። ለምትንቂው ሁሉ እውነት ስታድይ ውለሽ ለእኔ ውሸት ቀረሽ? ከእነሱ አሳነስሽኝ?»

«እኔ እርስዎን? እንዴት...»

አዛን ተሰማ። ዘሊካ ቴምሩን ከሳህኑ አንሥታ ያዘች፤ ወደ አፏ ማድረስ ግን አልሆነላትም። ትሪው መሀል ላይ ቀርቧል፣ ምስሩ ይጨሳል፣ እንጀራው በሁለት በኩል ተዘርግቷል። እማማ አልታዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ይቀመጡ እንጂ እማማ! አንድ ጊዜ ይጉረሱልኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም።»

«አንቺ አፍጥሪ፣ ጉሮሮሽ ደርቋል» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ ቤቴ የማውቀው ቆሎ አለኝ።»

ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ዘሊካ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለቻቸው፤ ዞረው አላዩዋትም። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ትሪው እንደ ቀረበ ነበር። ከእሳቸው በኩል ያለው እንጀራ አልተነካም።